ሁለት ኪሎ የማይሞላ ድንኳን

ትኬት ቆራጯ ድንኳኗን ከሲሚንቶው ክምር ላይ ገፍፋ ስታነሳው፣ ክንድ የሚያህል ቀዳዳ አፍጥጦ አያት። ደሟ ፈላ።

"ይሄን ከቁም ሳጥኔ ማን ነው ያወጣው?"

"እኔ ነኛ!" አለ ታላቅ ወንድሟ፣ በሩ ላይ ቆሞ ሻዩን ፉት እያለ። "ማታ ዝናብ መጣ። ሲሚንቶዬ ድንጋይ ይሁን?"

"ሳትጠይቀኝ?"

"ጃንጥላ ለማታክል ጨርቅ ነው እንዲህ የምትጮኺው?"

ጃንጥላ! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መናኸሪያው መስኮት ሥር ተቀምጣ ሰዉን ሁሉ ወደ ሐይቁ ስትሸኝ፣ እሷ ስሙን ትኬት ላይ ከመጻፍ በቀር ሐይቁን አይታው አታውቅም። መሳፈሪያውስ አያቅታትም፤ የሚያስቀራት የአልጋ ኪራይ ነበር። ስለዚህ በአንድ ጫማ ሁለት ዓመት ከርማ፣ ምሳዋን ከቤት እየቋጠረች፣ ሁለት ኪሎ የማይሞላ ድንኳንና ቀለል ያለ የመኝታ ከረጢት ገዛች። "አልጋ በየቀኑ ይከፈልበታል፤ ድንኳን አንዴ ነው" ብላ ስታስረዳ እናቷ ሳቁባት። ከሥራ ያገኘችው ፈቃድ አምስት ቀን ነው። ዛሬ ድንኳኑን ስትፈልግ ደግሞ የጠዋቱ አውቶቡስ አመለጣት፤ የቀረው የስድስት ሰዓቱ ብቻ ነው።

"በቃ እለፊው" አሉ እናቷ ከጓዳ ብቅ ብለው። "ወንድምሽ አይደል? ለከርሞ ትሄጃለሽ።"

"ወንድሜ መሆኑን ሁሌ ትነግሪኛለሽ፣ እማዬ። እኔ እህቱ መሆኔን ለሱ የሚነግረው ግን የለም!"

ዕድሜዋን ሁሉ የሱን ሸሚዝ ስትተኩስ፣ የሱን ሱሪ ስትሰፋ የኖረችው እሷ ናት። ክፍሏ ገብታ መርፌና ክር ይዛ ወጣች። ወንድሟ እፎይ አለ።

"አየሽ፣ ለአንቺ እጅ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።"

መርፌውን ዘረጋችለት።

"እንካ፣ ስፋ።"

"እኔ? መርፌ ይዤ አላውቅም እኮ!"

"እኔም ሐይቅ አይቼ አላውቅም። ስትጨርስ ውሃ እንዳያስገባ ስፌቱን ሻማ ትቀባዋለህ።"

ሊስቅ ቃጣው። ፊቷን ሲያይ ተወውና ከደረጃው ላይ ተቀመጠ። ገና በመጀመሪያው ስፌት መርፌው ጣቱን ወጋው።

"አምጣው ልጄ፣ እኔ ልስፋው" ብለው እናቱ እጃቸውን ሰደዱ።

ትኬት ቆራጯ የእናቷን እጅ በቀስታ መለሰችና በርጩማ ስባ ከወንድሟ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

"ስፌቱን አራራቅከው" አለችው። "ፍታና እንደገና ጀምር።"