በአንድ ቃል የታገዱት አዋላጅ

ወይዘሮ ምንትዋብ ከየካ አባዶ ሁለት ታክሲ ቀይረው ወሎ ሰፈር ሲደርሱ የትርጉም ቢሮው ገና መከፈቱ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገሉ አዋላጅ ነርስ ናቸው። ቦሌ ያለ የአንድ የውጭ ድርጅት ክሊኒክ ውስጥ ለመቀጠር አመልክተው፣ መልሱ በኢሜይል መጣላቸው። ስልካቸውን ለተርጓሚዋ ለሰምሃል ሰጧት። የዛሬ ወር የሥራ ማስረጃቸውን ወደ እንግሊዝኛ የተረጎመችው እሷ ናት።

«በምን ጥፋት እንደታገድሽ አስረጂ ይሉኛል፣ ልጄ። እኔ እንኳን ልታገድ፣ የቃል ማስጠንቀቂያም ደርሶኝ አያውቅ።»

ሰምሃል ፋይሉን ከፍታ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አነበበች። አማርኛው፣ ወይዘሮ ምንትዋብ በ2004 ዓ.ም. ለዋና አዋላጅነት ተወዳድረው «ዲግሪ ስላልነበራቸው መስፈርቱን አላሟሉም» ይላል። ዲግሪውን በኋላ ማታ ማታ ተምረው ይዘዋል። እሷ ግን «ዲስኳሊፋይድ» ብላ ጽፋዋለች። ፊቷ ጋለ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «መጻፍ የነበረብኝ አንኳሊፋይድ ነው፤ የሚጠየቀውን ያላሟላ ማለት ነው። ዲስኳሊፋይድ ሲባል ግን ደንብ ጥሶ የታገደ ይመስላል። የሚለያዩት በመጀመሪያ ፊደሎቻቸው ብቻ ስለሆነ አንድ መስለውኝ ነው።»

ወይዘሮ ምንትዋብ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ማን ስሜን አጠፋው እያልኩ የድሮ አለቆቼን ስጠረጥር ሰነበትኩ እኮ።»

የቢሮው ባለቤት አቶ ገብረእዝጊ ነገሩን ሰምተው ከውስጥ ወጡ። «ቃሉን አስተካክለሽ እንደገና አትሚላቸው፤ ማኅተም አደርግበታለሁ» አሉ።

«እሱ ብቻ አይበቃም፣ ጋሼ» አለች ሰምሃል። «ዝም ብለን ብንቀይረው እሳቸው ያስቀየሩት ይመስላል። ስህተቱ የእኔ መሆኑን በደብዳቤ ልጻፍ።»

«የቢሮውስ ስም?»

«የእሳቸውስ?»

አቶ ገብረእዝጊ ወይዘሮ ምንትዋብን አየት አደረጉና መነጽራቸውን አወለቁ። «ጻፊ። እኔም እፈርማለሁ።»

በምሳ ሰዓት ሰምሃል ከወይዘሮ ምንትዋብ ጋር ክሊኒኩ ድረስ ሄዳ ደብዳቤውን ከታረመው ትርጉም ጋር ለቅጥር ኃላፊዋ በእጇ ሰጠች። ኃላፊዋ ሁለቱን ወረቀቶች እያስተያየች አነበበች።

«እኛም ግራ ገብቶን ነበር፤ ሌላው ማስረጃዎ በጣም ጥሩ ነው» አለቻቸው። «ሐሙስ ለቃለ መጠይቅ ይምጡ።»

በሁለተኛው ሳምንት ወይዘሮ ምንትዋብ ለሰምሃል ደወሉ። «ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ» አሉ።

ሰምሃል ደስታዋን ገልጻ ይቅርታ መጠየቅ ስትጀምር አቋረጧት።

«ተይው፣ ልጄ። እኔም በሥራዬ የተሳሳትኩበት ቀን ነበር። ያን ቀን ጥፋቴን እንዳንቺ ቶሎ አላመንኩም።»