ጦም አዳሪው መሬት

ለሰሚ ሁሉ ይታወቅ፤ ላም ሣር ትበላለች። እዚህ ሣሩን ቢነሷት እዚያ ሄዳ ትበላለች። ማቶ ግሮሶ በሚባለው የከብት አገር ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። በዚያ ማክሰኞ ግን ይህን ማወቅ ጥርስ ያስወልቅ ነበር።

የከብት ነጂውን የዜፌሪኖን ጥርስ በማለዳ በሽጉጥ እጀታ ያወለቀው የእርሻው ካቦ ቫልዴማር ነው፤ ቀን እንግዳ ስለሚመጣ፣ አፉን እንዲዘጋ ለማስታወሻ ያህል።

ባለፈው በጋ ከጅረቱ ማዶ ያለው ጫካ ተቃጠለ። በመካከሉ የዜፌሪኖ እህት የላውሪንዳ ጎጆ ነበረች። ባሏ አልወጣም ቢል የካቦው ሰዎች ሁለት እጆቹን በመጥረቢያ እጀታ ሰባብረው ጎትተው አወጡት። የእርሻው ከብቶች ወደ አመዱ ተሻገሩ፤ በለቀቁት ግጦሽ ላይ ለነዳጅ የሚሆን አኩሪ አተር ተዘራ። አሁን ነዳጁ ንጹሕ፣ ጫካ ያላስመነጠረ ነው የሚል ወረቀት ከተፈረመ፣ በሽያጩ ገንዘብ ሌላ መንጋ ይገዛል፤ በጋ ሲገባም የቀረው ጫካ ይቃጠላል፣ ዳር ላይ ላስቲክ ወጥራ ከምትኖረው ከላውሪንዳ ጋር።

ፈራሚዋ የነዳጁ ገዢዎች ከአውሮፓ የላኳቸው ወይዘሮ ሄድቪግ ናቸው። በረንዳው ላይ የተጠበሰ ሥጋ ቀርቦላቸዋል።

«ሰብሉ ከብት አፈናቅሎ ከሆነ» አሉ፣ «ከብቱ የሚያስመነጥረው ጫካ ጭስ በነዳጃችሁ ላይ ይታሰባል። ከእናንተ በፊት መሬቱ ላይ ምን ነበር?»

«ምንም፣ እመቤቴ!» አሉ ባለ እርሻው ዶክተር አዴርባል፤ ማንንም አክመው አያውቁም። «ጦም አዳሪ ነው። አይጥ እንኳ ንቆት የሄደ።»

«ይህ ሥጋስ?»

«ከሱቅ ነው።»

ካቦው በረንዳው ዳር የቆመውን ዜፌሪኖን እንደ ወዳጅ አቀፈው። የሽጉጡ አፈሙዝ ጎኑን ወጋው። «አፍህን ብትከፍት፣ አንተ ወላቃ፣ በእርሳስ ነው የምሞላልህ» አለው በጆሮው።

«ሰውየው አፉን ምን ሆነ?» አሉ ወይዘሮዋ።

«በቅሎ ረግጣው ነው» አለ ካቦው ጢሙን እየጠረገ።

«ጢም ያላት በቅሎ» አለ ዜፌሪኖ።

ካቦው በጫማው ተረከዝ የእግር ጣቶቹን ረገጠለት። አንዱ ሲሰበር ለዜፌሪኖ ተሰማው፤ ወይዘሮዋ ግን ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ነበር። «ያ ቀንደ መለከትስ?»

«ጌጥ ነው፣ እመቤቴ። የአገሩ ባህል።» ዶክተሩ ደስ አላቸው። ከብት የሚያውቁት በሳህን ላይ ነው። «ዜፌሪኖ! እስኪ ንፋላቸው!»

ካቦው ፊቱ አመድ መሰለ። «ጌታው፣ ከንፈሩ ቆስሏል እኮ…»

«አንተን ማን ጠየቀህ? ንፋ አልኩህ!»

ዜፌሪኖ ካቦውን አየው። «ይኸው፣ የጌታው ትእዛዝ ነው።»

ነፋው። ድዱ ተቀደደ፤ ደሙ በቀንዱ ውስጥ ተንቆረቆረ፤ እሱ ግን ሳያቋርጥ ያንን ረጅሙን፣ ከብት ለጨው የሚጠራበትን ዜማ ነፋ። ካቦው ሽጉጡን መዞ በወይዘሮዋ ፊት የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ወይዘሮዋ አጨበጨቡ፤ ሊፈርሙ ብዕራቸውን አነሱ።

ከጅረቱ በኩል ውሃ ሲንቦጫረቅ ተሰማ።

ነጯ መሪ ላም ቀድማ ወጣች። ጭራዋ ተለብልቧል፤ ጎኗ በከሰለ ጉቶ ተጠቋቁሯል። ከኋላዋ መንጋው በሙሉ መጣ። ላሟ ማንንም ቀና ብላ ሳታይ በበረንዳው አጠገብ አልፋ፣ አኩሪ አተሩን ረግጣ ገባች፤ ድሮ የከብቶቹ የጨው ገንዳ በነበረበት ቦታ ላይ ቆማ መሬቱን መላስ ጀመረች።