የአሥራ ሦስቱ ጭረቶች ምስክርነት

የሰረቀውን ዕቃ እንኳ በወጉ መያዝ የተሳነው ሰው ነውሩን ሸሽጎ ሊኖር አይችልም። ትጋት ያለ ጠበቃ ይሟገታል፤ ስንፍና ግን ባለቤቱን አሳልፎ ይሰጣል። በመንደራችን የሆነው ነገር ይህንኑ ያስረዳል።

በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳር የምንኖር አዳኞች፣ በውኃ ላይ ተንሳፍፈው በራሪዎቹን ወፎች የሚያባብሉ የእንጨት ዳክዬዎቻችንን በጀልባ ማሰሪያው አጠገብ ባለ አንድ መጋዘን እናኖራለን። ቁልፉን ለሃያ ዓመት የያዙት የዳክዬ ጠራቢው የሌቪን መበለት፣ ሁላችንም በአክብሮት «ሚስ አልማ» የምንላቸው ወይዘሮ አልማ ናቸው። በየጸደዩ ዳክዬዎቹን አንድ በአንድ ከጆንያ አውጥተው ይወለውላሉ። የተላጠውን ሥፍራ በደብዛዛ ቀለም ይቀባሉ፤ የሚያብረቀርቅ ዳክዬ ወፍ ያባርራልና። ዳክዬው እንዳይገለበጥ ከሆዱ ሥር የሚመታውን ጥፍጥፍ እርሳስም ነቅለው ምስማሩን ይለውጣሉ፤ ጨዋማው ውኃ ምስማር ይበላልና። ዳክዬ በአንገቱ አንጠልጥሎ የሚሄድ ሰው ካዩ ማንም ይሁን ማን አይምሩትም ነበር፤ አንገቱ ይሰበራልና።

አንድ ዓመት በጸደይ መጋዘኑን ሲከፍቱ፣ ባለቤታቸው የጠረቧቸው አሥራ ሁለት ራሰ ቀይ ዳክዬዎች አልነበሩም። የበሩ ቁልፍ አልተሰበረም። ወይዘሮ አልማ፣ ዌንደል የሚባለው አዳኝ በጥር ወር መቅዘፊያ ረስቻለሁ ብሎ ቁልፉን መዋሱን ተናገሩ።

ዌንደል በአዳኞቹ ጉባኤ ፊት ሳቀ። «ሰዓት ሳይሞላ መለስኩልዎ እኮ፣ ሚስ አልማ። ይልቅ ለከተማ ሰብሳቢዎች ሸጠዋቸው ከሆነ ይንገሩንና እንረፍ።»

ጉባኤው ቀነ ገደብ ሰጠ፤ እስከ አደን መክፈቻው ሳምንት ማብቂያ ዳክዬዎቹ ካልተገኙ፣ ቁልፉ ከወይዘሮ አልማ ተወስዶ ለተረኛው ይሰጣል። ተረኛው ዌንደል ነበር።

ያ በጋ ለሴትዮዋ መራራ ሆነ። ሱቅ በገቡ ቁጥር አንዱ፣ «ሚስ አልማ፣ ዳክዬዎቹ ወደ ካናዳ በረሩ እንዴ?» ይላቸዋል። እርሳቸውም፣ «አንተ ከተኮስክባቸውማ በሰላም ደርሰዋል» ብለው ዱቄታቸውን ይዘው ይወጣሉ። ቤት ሲገቡ ግን ምግብ አይበሉም ነበር። የቀሩትን ዳክዬዎች መቀባትና ምስማር መለወጥ ግን አንድ ቀን አላቋረጡም።

በኅዳር የአደኑ መክፈቻ ዕለት ዌንደል፣ በበጋው ጠረብኳቸው ያላቸውን አዳዲስ ዳክዬዎች በውኃው ላይ ዘረጋ። ረፋድ ላይ ነፋስ ተነሣ። ከዳክዬዎቹ አንዱ ሆዱን ወደ ሰማይ ገልብጦ፣ የጉባኤው ሊቀ መንበር ካፒቴን ኤልዉድ ወደተሸሸጉበት ሸምበቆ እየተንሳፈፈ መጣ። እርሳሱ ወድቋል፤ ከመልሕቁ ጋር የሚያስረው ገመድም ከእርሳሱ ጋር ተቸንክሮ ነበርና አብሮት ሄዷል።

ሽማግሌው በመቅዘፊያ ስበው አነሡት። የጠፋ ዳክዬ ሆዱ ላይ ባለው የባለቤቱ ማኅተም ይመለሳል። የዚህኛው ግን ቀለሙ ተለውጦ፣ የማኅተሙ ሥፍራም በመላጊያ ተልጎ ነበር። እርሳሱ በነበረበት ቦታ ደግሞ በቢላዋ የተቆረጡ ጭረቶች ተደርድረዋል። ካፒቴኑ ዳክዬውን በጆንያ ሸፍነው ወደ ማሰሪያው ቀዘፉ።

እኩለ ቀን ላይ አዳኙ ሁሉ በተሰበሰበበት ወይዘሮ አልማን አስጠሩ። ጆንያውን ሳይገልጡ፣ «ሚስ አልማ፣ የሌቪን ዳክዬዎች ስንት ዓመታቸው ነው?» አሉ።

«አሥራ አራት ጸደይ አልፏቸዋል።»

«በእርስዎ እጅ መጠገናቸውን የሚያሳይ ነገር አለ?»

«ምስማር በለወጥኩ ቁጥር ከእርሳሱ ሥር አንድ ጭረት አደርጋለሁ፤ ለራሴ ነው፣ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ዘንድሮ በእጄ ስላልነበሩ አሥራ ሦስት ናቸው።»

ካፒቴኑ ጆንያውን ገልጠው ጮክ ብለው ቆጠሩ። አሥራ ሦስት።

«የመጋዝ ጥርስ ምልክት ነው» አለ ዌንደል።

«ጎበዝ መጋዝ ነው፤ ቁጥር ያውቃል» አሉ ካፒቴኑ። «እስቲ የሌሎቹን እርሳስ አንሡ።»

በዌንደል ጀልባ የተጫኑት አሥራ አንዱም አሥራ ሦስት አሥራ ሦስት ጭረት ተገኘባቸው። ምስማሮቻቸው በጣት ሲነኩ ይፈረፈሩ ነበር፤ ሌባው በጋውን በሙሉ በጀልባው ወለል ላይ በቆመ ውኃ ውስጥ ጥሏቸው ነበርና። ምስማሩን አንድ ጊዜ እንኳ ለመለወጥ ቢነሣ ጭረቶቹን ባየና ባጠፋቸው ነበር።

«የሌባ ዓይነ ደረቅ፣ መልሶ ልብ ያደርቅ» አለ አንዱ ከኋላ።

ወይዘሮ አልማ የተገለበጠውን ዳክዬ ተቀብለው በሽርጣቸው አደረቁት። ዱቄት ሲገዙ ይዘባበትባቸው የነበረው ሰው ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ይቅር በሉኝ፣ ሚስ አልማ» አላቸው።

«መጀመሪያ ያንን በአንገቱ የያዝከውን ዳክዬ አስቀምጥ» አሉት፤ ሰውም ሁሉ ሳቀ። ያን ቀን ወይዘሮ አልማ የዓሣ ሾርባቸውን ሁለት ሳህን በሉ።

ዌንደል ቁልፉን በተዋሰበት ቀን መስረቁን አመነ። ጉባኤው የአደን ሥፍራ ከሚታደልበት ዕጣ ለአምስት ዓመት አስወጣው፤ ጀልባውንም ከጋራው ማሰሪያ አስፈታ። በሐሰት የከሰሳቸውን ሴት በዚያው ጉባኤ ፊት ቆሞ ይቅርታ ጠየቀ። የአሥራ ሁለቱንም ዳክዬዎች ምስማር በወይዘሮ አልማ ዓይን ሥር በገዛ እጁ ለወጠ፤ አሥራ አራተኛውን ጭረት ግን እንዲቆርጥ አልተፈቀደለትም።