ቀጠሮው ገና ነው

፩

«ጋሼ ቀጠሮው ገና ነው። አይጨነቁ።»

፪

ይህ መልእክት ስልኬ ላይ የገባው የነቢያት ጾም በተያዘ ማግስት ነው። የላከችው የእህቴ ልጅ ብርዛፍ ናት። አዲስ አበባ፣ የልብ ስፔሻሊስት ባለበት አንድ ሆስፒታል፣ ካርድ ክፍል ትሠራለች። እኔም ለልቤ ሕክምና ተራ ስጠብቅ ከርሜ ነበርና ለባለቤቴ ለአስካለ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። አስካለ መነጽሯ ከተሰበረ ወዲህ ቤታችን ውስጥ የሚነበብ ሁሉ የሚያልፈው በእኔ አፍ ነው።

«ተመስገን!» አለች። «ጾሙን ጾመን፣ በልደቱ ቀን!»

«በልደቱ ቀን» አልኩ እኔም።

«በበዓል ቀን ሐኪም ይሠራል እንዴ?» አለች ደግሞ።

«ትልቅ ሆስፒታል በዓል አያውቅም» አልኳት።

ይህንን ማን እንደነገረኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

፫

ዘርጋው እባላለሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። «ሰፊ» የምትለዋ ላልታ ትነበብልኝ። ጠብቃ ከተነበበች ግድንግድ ሰው ታደርገኛለች፤ እኔ ደግሞ እንኳን ልሰፋ፣ ካመመኝ ወዲህ ቀበቶዬ አዳዲስ ቀዳዳ እየተበሳለት ነው።

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። የቀረውን ያስተማረኝ የአባቴ ሬዲዮ ነው። የቆዳ ልብስ ነበራት፤ አባቴ ራሱ የሰፋላት። ባትሪዋ ሲደክም አውጥቶ ደጅ ድንጋይ ላይ ለፀሐይ ያሰጣዋል። እኛ ልጆቹ ዶሮ እንዳይጭረው እንጠብቃለን። ከሰዓት በኋላ ባትሪው ትንሽ ነፍስ ዘርቶ ይገባል፤ ሬዲዮዋም ከሩቅ እንደምትጣራ ሰው ቀስ ብላ ትጀምራለች። ያኔ ቤቱ ውስጥ የሚንቀሳቀስ የለም። እናቴ እንኳ ወጥ የምታማስልበትን እጇን ትገታለች።

መስማት ከሥራ የሚቆጠርበት ጊዜ ነበር።

ያ ጊዜ ይናፍቀኛል። ይህንንም የምጽፈው የታመመ ሰው ስለሆንኩ ይሆናል። የታመመ ሰው ሥራው መጠበቅ ነው፤ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ጆሮው ወደ ኋላ ይሄድበታል።

፬

የልቤ ነገር እንዲህ ነው።

ስፌት መኪና ላይ መርፌው አንዳንዴ አንድ ስፌት ይዘላል። መኪናው አይቆምም፤ እግርህም መርገጡን አይተውም። ጨርቁን ስታገላብጠው ግን ክፍተት አለ። የእኔም ልብ ይዘላል፤ ከዚያ የዘለለውን ለማካካስ ሦስት አራቱን አከታትሎ ይወጋል።

የከተማችን ሐኪም እጄን ይዞ ቆየና ፊቱ ተለወጠ። ወዲያው የልብ ምት የሚመዘግብ ማሽን ላይ አስተኛኝ። ልቤ ማሽኑን ሲያይ እንደ ሙሽራ አንገቱን ደፋ። ቀጥ ያለ፣ የታረመ፣ ምንም የማያውቅ ልብ። በሌላ ቀን ተመለስኩ፤ እንደዚያው። በሌላም ቀን።

«ምቱ ሲዛባ ደም ልብ ውስጥ ሊረጋ ይችላል» አለኝ ሐኪሙ። «የረጋው ደም ወደ ጭንቅላት ከወጣ ደግሞ…»

አልጨረሰውም። እኔም ጨርስልኝ አላልኩትም።

«የልብ ስፔሻሊስት ይይዎት። እስኪያዩዎት ይጠንቀቁ» ብሎ ሪፈር ጻፈልኝ።

፮

አምስት ቁጥርን ረስቼው አይደለም። ልቤ እንዲህ ነው የሚያደርገኝ። እናንተም ለአፍታ «ምነው?» አላችሁ አይደል?

በቃ፣ ያቺ ናት። ያቺ «ምነው»።

፯

አባቴም ሰፊ ነበር። ላልቶም፣ ጠብቆም።

የገና ዕለት ከሰዓት በኋላ መኪናውን በጨርቅ ሸፍኖ ከእኛ ጋር ሜዳ ይወርዳል። ዱላውን ከወይራ የቆለመመልን እሱ ነው፤ በዱላው የምንመታትን ሩር ከቆዳ ቁራጭ ጠቅልሎ የሰፋልን እሱ ነው። ከእነዚያ ሁሉ ጎረምሶች መሃል፣ ያን የሚያህል ሰው፣ ጋቢውን ወገቡ ላይ አስሮ ሲሮጥ ማየት! ሽማግሌዎቹ ከዳር ሆነው «ኧረ ዕድሜህን አስበው!» ይሉታል። እሱ «ዛሬ ዕድሜ ቤት ውሏል!» ብሎ ይመልስላቸዋል።

አንድ ዓመት ጨዋታው መሃል ቆመ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እየሳቀ፣ «ቆዩ፣ ቆዩ፤ ቆጠራው ተሳሳተብኝ» አለ።

እኛ ያገባነውን የሚቆጥር መስሎን፣ «እኛ እንበልጣለን!» እያልን ጮህን።

በሚቀጥለው ዓመት ስፌት መኪናው ላይ እንደተቀመጠ ሄደ። ጎረቤት ምች ነው አለ። ዕድሜው እኔ አሁን ያለሁበት ዕድሜ ነበር።

ቆጠራው።

፰

ለሚጠብቅ ሰው የሚሆን መመሪያ (ከራሴ የተቀዳ)፦

ጣትህን አንገትህ ሥር አታድርግ። ታደርጋለህ። እንግዲያው ካደረግህ አትቁጠር። ትቆጥራለህ።

ስለ ልቡ ከሚያወራ ሰው ጋር አውቶቡስ ውስጥ አጠገብ ለአጠገብ አትቀመጥ።

ሚስትህ «እንዴት ነህ?» ስትልህ «ደኅና» በል። «እውነቱን ንገረኝ» ስትልህም «ደኅና» በል። ዝም ስትል ግን ንገራት።

ሥራህን አታቁም፤ ሱሪ ማሳጠር ልብን አይጎዳም።

ጸሎት ላይ «ፈውሰኝ» ማለት ቢከብድህ «አለሁ» በል። እኔ እንደዚያ ነው የምለው። «አለሁ፣ ጌታዬ።» ደረቴ ሲጠብቅ አጠር ይላል፤ «አለሁ» ብቻ።

ነቢያትን አስባቸው። አንዳቸውም ቀኑ አልተነገራቸውም።

(ለእኔ ግን ቀኑ ተነግሮኛል ብዬ ነበር። ስለዚህ ወደ ብርዛፍ አልደወልኩም። አልወተወትኩም። እነሆ በዚያ ጾም እንደ ልጅነቴ የገናን መምጣት ደስ ብሎኝ ጠበቅሁ። ይህንን ደስታ ማንም እንዲወስድብኝ አልፈልግም፤ በስሕተት የተገኘ ቢሆንም።)

፱

የገና ዕለት ቅዳሴ አስቀድሰን በመጀመሪያው የአዲስ አበባ ሚኒባስ ወጣን። «ለምርመራ ባዶ ሆድ ይሻላል» ብዬ ጾሜን ሳልፈታ። አስካለም «አንተ ሳትፈታ እኔ አልፈታም» ብላ ዶሮውን በሳህን አድርጋ፣ በፎጣ ቋጥራ ጭኗ ላይ ያዘች። ሽታው የሚኒባሱን ሰው በሙሉ አስተዛዝቧል።

ለብርዛፍ መንገድ ላይ ብደውል ኔትወርኩ አልያዘም። በዓል ነው፤ አገሩ ሁሉ እንኳን አደረሳችሁ ይባባላል።

፲

ከዚህ በታች ያለው ሆስፒታሉ በር ላይ የተባለ ነው። በቅንፍ ያደረግሁትን ካልተከተላችሁ እንደ እኔ ትጠፋላችሁ።

ጥበቃው፦ እንኳን አደረሰዎ፣ አባቴ። ታማሚ ሊጠይቁ ነው?

እኔ፦ እንኳን አብሮ አደረሰን። ታማሚውስ እኔው ነኝ። ለዛሬ ተቀጥሬ ነው።

ጥበቃው፦ ዛሬማ ድንገተኛ ብቻ ነው ያለው። ማን ቀጠረዎ?

አስካለ፦ መልእክቱን አሳየው እንጂ! ምን ቆመህ ትከራከራለህ?

(ስልኬን ሰጠሁት። አነበበው።)

ጥበቃው፦ ታዲያ ገና ነው ይላል እኮ። (ላልቶ)

እኔ፦ እኮ! ገና! (ጠብቆ)

ጥበቃው፦ አይ አባቴ። ገና! (ላልቶ)

እኔ፦ ምን አልክ?

ጥበቃው፦ ገና ነዋ! አልደረሰም። ሲደርስ ይነገርዎታል ማለት ነው።

አስካለ፦ ዘርጋው።

እኔ፦

አስካለ፦ አንተ ሰውዬ! ዕድሜህን ሙሉ ሬዲዮ ስትሰማ ኖረህ አንዲት ቃል ታጠብቅብኛለህ?

፲፩

መጀመሪያ የሳቀው ጥበቃው ነው። ከዚያ አስካለ። ከዚያ እኔ። በፎጣ የተቋጠረውን ዶሮ አየሁትና አላስቻለኝም።

ሳቄ መሃል ላይ ልቤ

ዘለለ።

ከዚያ ያለ ልክ ይወጋ ጀመር። የበሩን ብረት ያዝኩ። ጥበቃው የራሱን ወንበር ከሥሬ አስገባ፤ ወዲያው በብብቴ ደግፎ ወደ ድንገተኛ ክፍል። አስካለ ከኋላችን እየሮጠች፣ «በእኔ ነው! እኔ ነኝ ያናደድኩት!» ትላለች። አልተናደድኩም ልላት ፈልጌ ትንፋሽ አጠረኝ።

በዓሉን ተረኛ ሆና የዋለችው ነርስ ሽቦዎቹን ደረቴ ላይ ለጠፈች። ከንፈሬን አይታ፣ «ምን እያሉ ነው?» አለችኝ።

«አለሁ» አልኩ።

«አዎ፣ አሉ። ዝም ብለው ይተኙ።»

ወረቀቱ ከማሽኑ መውጣት ጀመረ። ጎንበስ ብላ አየችውና «መጣህልኝ!» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለወረቀቱ። «ከዚህ በፊት ተይዞ ያውቃል?»

«ሁልጊዜ ማሽን ላይ ስተኛ ይታረማል፣ ሲስተር።»

«ዛሬ መታረሙን ረስቶታል።»

«በዓል ነው ብሎ ይሆናል» አለች አስካለ፣ በእንባዋ መሃል።

፲፪

ተረኛው ሐኪም መርፌ ሰጠኝ፤ ቀስ በቀስ ረጋሁ። ያንን ወረቀት በስልኩ አንስቶ ለስፔሻሊስቷ ላከው። አስካለ ፎጣውን ፈታች። ለነርሷ፣ ለሐኪሙ፣ በሩ ላይ ላለው ጥበቃ ጉርሻ ጉርሻ ሰጠቻቸው። እኔም በአልጋ ላይ፣ ከእሷ እጅ፣ ጾሜን ፈታሁ።

፲፫

ብርዛፍ በማግስቱ ደወለች። ታለቅሳለች ወይስ ትስቃለች፣ መለየት ያቅታል።

«ጋሼ፣ ምናለ ‹ገና አልደረሰም› ብዬ በጻፍኩ!»

«ተይ ልጄ። ብትጽፊማ ኖሮ ቤቴ ነበር የምውለው።»

«ቤትዎ ቢያምዎትስ ኖሮ?»

ይህንን ከአባቴ በቀር ማን ይመልሰዋል?

ከዚያ ስትረጋጋ ነገረችኝ። ስፔሻሊስቷ ወረቀቱን አይታለች። ከጥምቀት በፊት ይምጣ ብላለች።

«ከጥምቀት በፊት» አልኩ። «ይቺስ ላልታ የምትነበብ የላትም?»

«የላትም ጋሼ። ምያለሁ።»

፲፬

እዚህ ጋ ጽሑፉን ላቆም ነበር። በበዓሉ፣ በሳቁ፣ በዶሮው። ነገር ግን እኔ የጠበቅሁት ሳቅ አልነበረም። ለመኖር ነበር የጠበቅሁት። ወደ ስፔሻሊስቷ ልንሄድ ዋዜማ ማታ፣ አስካለ ልብሴን እያጠፈች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ያለ አንተ ማን ያነብልኛል?» አለችኝ።

መነጽር እገዛልሻለሁ ልላት ብዬ ተውኩት። የጠየቀችኝ ስለ መነጽር አይደለም።

፲፭

ስፔሻሊስቷ አጭር፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። ወረቀቱን ዘርግታ ብዙ አየችው።

«ሁለት መንገድ አለ» አለች። «በመድኃኒት የሚገታ ከሆነ በመድኃኒት እንይዘዋለን። ካልሆነ በደም ሥር ወደ ልብ ገብተን የምናስተካክለው ነው የሚሆነው፤ ያኛው የራሱ ስጋት አለው። ከመናገሬ በፊት ግን ላዳምጥዎ።»

ማዳመጫውን ደረቴ ላይ አስቀመጠች። ዓይኗን ጨፈነች። ኮሪደሩ ላይ ስም እየተጠራ ነው፤ ስልክ ይጮኻል፤ እሷ ግን አልሰማችም። ወይም ሌላ ነገር እየሰማች ነበር። እንደዚያ የሚያዳምጥ ሰው ካየሁ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። አስካለ ነጠላዋን በእጇ ጨበጠች።

ዶክተሯ ዓይኗን ገለጠች። ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውጥታ በሁለት እጇ እኔ ጆሮ ላይ አደረገችው።

«እስቲ ቀድመው እርስዎ ይስሙት» አለች። «ከዚያ እነግርዎታለሁ።»

ሰማሁ።

አስካለ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ምን ይላል?»

እንዲህ ይላል፦ «አለሁ፣ አለሁ፣ … አለሁ።»