ቁልቁል የተላጨ ጢም

የፈረቃው አለቃ በየማለዳው ከደረት ኪሱ ቁራጭ ጥጥ ያወጣል። ሠራተኞቹ ከእሳት አደጋ መኪናው ጎን ይሰለፋሉ፤ እሱም ጥጡን ከእያንዳንዱ ሰው አንገት እስከ ጉንጩ ሽቅብ ያሳልፋል። አንዲት ክር ጢም ላይ ከቀረች ባለጢሙ ያን ቀን መኪና ላይ አይወጣም፤ ስልክ ሲያነሳ ይውላል። ይህን ፍተሻ ያዘዘው መሥሪያ ቤቱ አይደለም። አለቃው ወጣት ሳለ፣ ጢሙን ሳይላጭ የገባ ባልደረባው በመተንፈሻ ጭምብሉ ጠርዝ ጭስ ሾልኮበት ሲወድቅ፣ አለቃው ከአንድ መጋዘን ውስጥ ተሸክሞ አውጥቶት ነበር። ጥጡን ያመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። በዚህ ምክንያት በሁሉ ነገር የሚቀልደው ሾፌር እንኳ በጥጡ ቀልዶ አያውቅም።

ጥጡን ለማለፍ ሁሉም ጢሙን ሽቅብ ይላጫል። ለሌሎቹ ምንም አልነበረም። የውኃ ቱቦ ያዡ ቆዳ ግን ገና ምላጭ ሲያይ የሚቆጣ ዓይነት ነው። ጥቅልል ጢሙ ከሥር ከተቆረጠ በኋላ ሲበቅል ወደ ውስጥ ታጥፎ መልሶ ይወጋዋል፤ መንጋጋው ሥር ሽፍታ ይወጣል፤ በማግስቱ ምላጩ ያንኑ ሽፍታ ይልጠዋል። ባልደረቦቹ «ሙሽሪት» ብለው ስም አውጥተውለታል። ሾፌሩማ መኪናውን ባስነሳ ቁጥር፣ መስኮቱን ዝጉ፣ ሙሽሪትን ነፋስ እንዳይመታት ይላል። ቱቦ ያዡም አብሮ ይስቃል፤ ሲስቅ ግን ፊቱን ያቃጥለዋል።

አንድ ቀን የአናጢዎች ግቢ ተቃጠለ። በዚያ ጠዋት ጥጡ በቱቦ ያዡ ጉንጭ ላይ እንደ ቅቤ ተንሸራቶ አልፎ ነበር። ውስጥ ገብቶ እሳቱ ላይ ውኃ እንደለቀቀ ግን መራራ ጭስ አፍንጫው ውስጥ ገባ። ጭምብሉን በአንድ እጁ ጫን አደረገው፤ አሁንም ገባ። ቱቦውን ከኋላው ላለው ሰው ለቆ እያሳለ ወጣ። ቱቦ ያዥ ቱቦ ለቀቀ ማለት በዚያ ሥራ ትንሽ ነገር አይደለም።

አለቃው አልተቆጣውም፤ የከፋውም ይህ ነበር። ሲመለሱ አጠገቡ ተቀምጦ የመንጋጋውን እብጠቶች አየ፤ ጭምብሉ በእነሱ ላይ ሊገጥም እንደማይችል ቀስ ብሎ ነገረው። እንዲህ ያለ ቆዳ የማንም ጥፋት እንዳልሆነ፣ ነገር ግን በወሩ መጨረሻ ለብቻው በሚደረግለት ፍተሻ ጭምብሉ ዳግመኛ ጭስ እያስገባ ካፈሰሰ ለዘለቄታው ስልክ ክፍል እንደሚመድበው አስታወቀው። ቱቦ ያዡ ስልክ ክፍል ውሎ ያውቃል። ሰው እያለቀሰ አድራሻውን ሲነግርህ ጽፎ ለሌላ ማቀበል፣ ከዚያ ቁጭ ማለት። ያንን አልፈልግም አለ፤ ለራሱ።

እቤት ሲገባ ሚስቱ የቲያትር ቤት መጋረጃ እየሰፋች ነበር። ክፍሉ በሙሉ በቀይ ከፋይ ተሞልቷል። የሆነውን ሁሉ ነገራት። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ አገጩን ወደ መብራቱ አዞረችው፤ በሚቀጥሉት የእረፍት ቀኖቹ እንዳይላጭም አዘዘችው። ጢሙ ብቅ ሲል በጣቷ እየዳሰሰች፣ ጉንጩ ላይ ቁልቁል፣ ከጉሮሮው ግራ ወደ ጆሮው፣ ከአገጩ በታች ደግሞ እንደ አዙሪት የተኛ መሆኑን አሳየችው።

«ከፋይ እንኳ አተኛኘቱ ታይቶ ነው መቀስ የሚነካው» አለችው። «አንተ እንደ አጫጅ ነው የምትገባበት።»

«ቁልቁል ከተላጨሁ ጥጡ ይይዘኛላ።»

«የምትፈራው ጥጡን ነው ጭሱን?»

በማግስቱ መስታወት ፊት ቆመ። በሙቅ ውኃ የተነከረ ፎጣ ፊቱ ላይ አኑሮ ጢሙ እስኪለሰልስ ጠበቀ። ሳሙናውን በብሩሽ አረፋ አድርጎ ቀባ፤ ቶሎ አልነካውም። አዲስ ምላጭ አስገብቶ፣ ሳይጫን፣ ጢሙ በተኛበት አቅጣጫ በአጭር በአጭሩ ሳበው። ጉንጩን በደህና ጨረሰ። አገጩ ላይ ሲደርስ ግን የለመደ እጁ ሳያስበው ሽቅብ ሄደ፤ ደም ብልጭ አለ። ሚስቱ ከወዲያኛው ክፍል፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም ወይ አለችው። አልተቀየማትም። በሚቀጥለው ቀን ከመጠን በላይ ተጠንቅቆ ጉሮሮው ላይ ቁጥቋጦ አስቀረ። ከዚያ ወዲያ ግን ምላጩ ባለፈበት ደግሞ አለማለፍን ለመደ፤ በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ፣ ፎጣውን ሳያሽ ጫን ጫን እያደረገ ማድረቅንም። ሾፌሩ የሰጠውን የሚያቃጥል የሽቶ አልኮል ጣለው። ሽፍታው በአንዴ አልጠፋም፤ ጥጡም ጠዋት ጠዋት እየያዘው እስከ ፍተሻው ስልክ ሲያነሳ ይውል ነበር። ከሥራ ሲወጣ ጭምብሉን እያጠለቀ፣ የአየር መግቢያውን በመዳፉ ደፍኖ ትንፋሽ ይስባል፤ መጀመሪያ ከመንጋጋው ሥር አየር እየሾለከ ፊሽ ይል ነበር፤ እያደር ድምፁ ቀነሰ፤ በመጨረሻ ጠፋ።

የፍተሻው ቀን ደረሰ። አለቃው እንደ ወትሮው መጀመሪያ ጥጡን አወጣ፤ እሱን ያላለፈ ወደ ጭምብሉ አይደርስም። በቱቦ ያዡ አገጭ ላይ አንድ ክር ቀረ፤ ነጭ፣ ለሁሉም የሚታይ።

«ስልክ» አለ አለቃው፣ ወደሚቀጥለው ሰው እየዞረ።

ቱቦ ያዡ ከቦታው አልተነቃነቀም። «ጋሼ፣ ጥጡ እሳት ውስጥ አይገባም። በጭምብሉ ይፈትኑኝ።»

ሾፌሩ ጫማውን ማየት ጀመረ። አለቃው ጥጡን እንደያዘ ወደ እሱ ተመለሰ።

«ካፈሰሰስ?»

«ካፈሰሰ በእግሬ ሄጄ ስልኩ ጋ እቀመጣለሁ።»

ከግቢው ጀርባ ለልምምድ ጭስ የሚሞላ ክፍል አለ። አለቃው ራሱ ጭሱን ለቀቀ፤ ራሱም ጭምብል አጥልቆ አብሮት ገባ። ቱቦ ያዡን ደረጃ አስወጣው፣ አስወረደው፣ ከባድ ቱቦ አስጎተተው፣ ጭንቅላቱን ግራ ቀኝ አስዞረው። ሲወጡ ላብ አጥምቋቸዋል። ቱቦ ያዡ ጭምብሉን አወለቀ፤ አላሳለም። አለቃው ጭምብሉን ተቀብሎ የውስጥ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዙሪያውን ጠረገና ጣቱን አየ። ጥላሸት አልነበረም።

ከዚያ ሁሉም ጭምብላቸውን እንዲያጠልቁና እየደፈኑ እንዲስቡ አዘዘ። ሾፌሩ የእሱ ፊት የተላጠ እንቁላል ስለሆነ መፈተሽ እንደማያስፈልገው ተናገረ፤ ሲስብ ግን ጭምብሉ እንደ ተቆጣች ድመት ፊሽ አለ። ጥጡን ካለፈ ይበቃል ብሎ ማሰሪያዎቹን አጥብቆ አያውቅም ነበር። የሳቀው ሁሉ የራሱን ማሰሪያ በስውር ሲጎትት አለቃው አይቷል።

«ከነገ ጀምሮ ጭምብል ነው የምናየው» አለ አለቃው። ወደ ቱቦ ያዡም ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማ ልጄ፣ ቆዳህ አልተለወጠም። አንድ ቀን ከቸኮልክ ሽፍታው ተመልሶ ይመጣል። ያን ቀን እኔ ሳልጠይቅህ ትነግረኛለህ።»

እነግርዎታለሁ አለ።

በማግስቱ አርፍዶ ነቃ። ሚስቱ ሻዩ እየቀዘቀዘ መሆኑን ከወጥ ቤት ነገረችው። ፎጣውን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነከረ፣ ጨመቀ፣ ፊቱ ላይ አኖረ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ጢሙ እስኪለሰልስ ቆመ።