ታላቅ ቅናሽ

መርካቶ ለነጋዴ ስም አትሰስትም። ከባሕር ማዶ የሚያስገባው አስመጪ ነው፤ ከእሱ በጆንያ የሚያነሳው ጅምላ ሻጭ፣ ከጅምላ ሻጩ በደርዘን የሚወስደው ቸርቻሪ። ዕቃውን ደረቱ ላይ ዘርግቶ የሚዞረው ሱቅ በደረቴ፣ አሮጌ ልብስ ተቀብሎ የፕላስቲክ ሳፋ የሚሰጠው ልዋጭ፣ ዓይኑ ያላየውን ዕቃ በስልክ ሸጦ የሚያተርፈው ደግሞ አየር በአየር ነው። ዋጋ ለሚሰብር ነጋዴ ግን ስም የላትም። እንደዚያ ያለ ሰው ሲገኝ ሰዉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሊሄድ ነው" ይላል። አበቃ።

የብርድ ልብስ ነጋዴው ጁነዲን ይህን አያውቅም አይባልም። ያውቃል። የፊት ለፊት ጎረቤቱ አዩብ አምና ያለውን ሁሉ በግማሽ ዋጋ አራግፎ፣ ዕቃ በዱቤ ያመኑትን ሁሉ በር ላይ አስቀርቶ ደቡብ አፍሪካ የገባው ዓይኑ እያየ ነው። ግን ምን ይደረጋል፣ ሰውየው ነገር ሲያምረው ሌላ አይታየውም። ሚሌኒየሙ በተከበረ በሦስት ዓመቱ፣ ለእንቁጣጣሽ ኤግዚቢሽን ማዕከል ሄዶ "ታላቅ ቅናሽ" የሚል ጽሑፍ በተሰቀለበት ሱቅ ሰው ሲጋፋ አየና ልቡ ሸፈተ። ክረምቱ አልፎ ብርድ ልብሱ መጋዘን ሙሉ ቀርቶበታል። ሰኞ ጠዋት ለሚስቱ እንኳ ሳይነግር ካርቶን ቀዶ፣ በቀይ ቀለም ያንኑ ከነዋጋው ጽፎ በሩ ላይ ሰቀለና ለጎረቤት "መጣሁ" ብሎ ወጣ።

ሚስቱ ሰልሰቢል ሱቅ ስትደርስ ካርቶኑን አየችው። እጇን ሰዳ ሳታወርደው ጋሼ አስናቀው ከኋላዋ ደረሱ። አንሶላ በእምነት የሚሰጧቸው ጎጃሜ ናቸው፤ ሁልጊዜ ጁነዲን ነው ወደ እሳቸው የሚሄደው እንጂ እሳቸው ይህን ሱቅ ረግጠውት አያውቁም።

"ሰላም ነሽ ልጄ?"

"አልሐምዱሊላህ ጋሼ። ምነው በሰላም?"

"በዚህ ሳልፍ ነው። ጁነዲን የለም?"

"አሁን ይመጣል።"

ተቀመጡ። ጥቂት ቆይቶ ፎጣ የሚያከፋፍሉት እትዬ ለተብርሃን መጡ፤ እሳቸውም በዚያ ሲያልፉ ነበር። ቀጥለው ሐጂ ሙናዊር ገቡ። ብርድ ልብሱን የሚያስመጡት እሳቸው ናቸው፤ ሱቁ ውስጥ ካለው ግማሹ የእሳቸው ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ሐጂም በዚያ እያለፉ ነበር። በዚያች በር በኩል በአንድ ጠዋት ይህን ያህል ትልቅ ሰው አልፎ አያውቅም።

ስለ ካርቶኑ ትንፍሽ ያለ የለም። ሻይ አዘዘችላቸው፤ ጠጡ። ስለ ዝናቡና ስለ መብራቱ ፈረቃ አወሩ። ዓይናቸው ግን ከመደርደሪያ መደርደሪያ ይዞር ነበር። ጋሼ አስናቀው ደጅ ላይ ባለጋሪ አቁመዋል። ጋሪው ባዶ ነው፤ ባዶ ጋሪ ምን እንደሚጠብቅ ሰልሰቢል አልጠፋትም።

ዘወር ብላ ጁነዲን ጋ ደወለች። ዝግ ነው። ደግማ ደወለች። ዝግ ነው። ቀና ስትል እትዬ ለተብርሃንም ስልካቸውን ከጆሯቸው ሲያወርዱ ዓይን ለዓይን ተጋጩ።

ፍርሃቱ ያኔ ገባት። የፈራችው ሰዎቹን አይደለም። ጁነዲን ሰሞኑን እንቅልፍ የለውም፤ አንድ ቀን ራት ላይ "አዩብ እዚያ እንዴት ሆኖ ይሆን?" ብሏት ነበር። ጨዋታ መስሏት ዝም ብላ አልፋው ነበር።

ሐጂ ሙናዊር ብርጭቆውን አስቀመጡ። "ሰልሰቢል፣ በካርቶኑ ዋጋ ሁሉንም እኔ ልውሰደው። ብሩን አሁኑኑ በእጅሽ።"

ነገሩ ወጥመድ እንደሆነ ገብቷታል፤ ሊሄድ የተነሳ ሰው ነው እሺ የሚለው። ደግሞስ ጁነዲን በእርግጥ ሄዶ ከሆነ? ያ ብር የልጆቿ እንጀራ ነው። እሺ የሚለው ቃል አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

"አይሆንም ሐጂ" አለች። "የእርስዎን ብርድ ልብስ መልሼ ለእርስዎ ሸጬ ምን ዓይነት ነጋዴ ልባል ነው?"

ሐጂ ፈገግ አሉ። ጋሼ አስናቀው ግን አልሳቁም።

"እንግዲህ በግልጽ እናውራው ልጄ። የባልሽ ፓስፖርት የት ነው የሚቀመጠው?"

"እዚሁ መሳቢያው ውስጥ። ከንግድ ፈቃዱ ጋር።"

"ክፈቺውና እንየው። ካለ ይቅርታ ጠይቀን እንሄዳለን።"

ከሻርፗ ጫፍ ቁልፉን ፈታች። በመዳፏ ጨብጣው ቆመች። ሁሉም እጇን ያያሉ።

"አልከፍትም" አለች በመጨረሻ። "ባሌን በመሳቢያ አላስመሰክርበትም። ዕቃችሁ ያውላችሁ፣ ጋሪውም ደጅ ነው፤ ከፈለጋችሁ ጫኑ። መሳቢያው ግን አይከፈትም።"

የተነሳ የለም። የሄደም የለም። ከአንዋር መስጊድ አዛን ሲሰማ ሐጂ ለመነሳት ቃጡና መልሰው ተቀመጡ።

ጁነዲን የገባው ያን ጊዜ ነው። ላቡ ይንቆረቆራል፤ ትከሻው ላይ የተጠቀለለ ሸራ ተሸክሟል። ሱቁ በሰው መሙላቱን ሲያይ ፊቱ በራ።

"ተክለ ሃይማኖት ማተሚያ ቤቱ መብራት ጠፍቶ ገትሮኝ ዋለ፣ ስልኬም ባትሪ ጨረሰ" አለ ሸራውን እየዘረጋ። "ካርቶኑ ብቻ ይሄን ሁሉ ሰው ከጠራ፣ ይሄ ሲሰቀልማ አስቢው።"

ታላቅ ቅናሽ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ።

ከዚያ ገበያተኞቹን አንድ በአንድ አያቸው። ፈገግታው ጠፋ።

"ጋሼ? ሐጂ? ምነው በሰላም?"

"በዚህ ሳልፍ ነው" አሉ ጋሼ አስናቀው።

እትዬ ለተብርሃን ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ሐጂ ሙናዊር ሸራውን ጠቅልለው በብብታቸው ያዙት። "ይሄ እኔ ጋ ይቆይ። ብርድ ልብስ ኅዳር ሲገባ ገበያውን ራሱ ይጠራል" አሉና ወደ ሶላታቸው ተቻኮሉ። ጋሼ አስናቀው በሩ ላይ ዞር ብለው ለጁነዲን "ሚስትህን አክብራት። ባሏን እንዲህ የምታምን ሴት አላየሁም" አሉት። ባዶው ጋሪ ተከትሏቸው ሄደ።

ሁለቱ ብቻቸውን ሲቀሩ ጁነዲን የሆነውን ሁሉ ጠየቃት፤ ነገረችው። እጇን ይዞ መዳፏን ከፈተው። የቁልፉ ጥርስ ሥጋዋ ላይ ታትሟል። ወስዶ መሳቢያውን ከፈተ። ፓስፖርቱ ንግድ ፈቃዱ ላይ ተጋድሟል።

"ይኸው አይደል እንዴ? ከፍተሽ ብታሳያቸው ገና ጠዋት ይሄዱልሽ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልከፈትሽውም?"

ሰልሰቢል የሻይ ብርጭቆዎቹን መሰብሰብ ጀመረች።

"ባይኖርስ ብዬ" አለችው።