የሚዛን ድንጋይ

የመሥሪያ ቤቷ ዕቃ ክፍል ገና ሳይከፈት በሩ ላይ ደርሳ ወዲያ ወዲህ ትል ነበር። ሥራዋ ለጤና ጥናት ነው፤ በዕጣ ወደ ወጡ ቤቶች እየሄደች የአዋቂዎችን የደም ግፊት ትለካለች። ጥናቱ በከተማው ስንት ሰው ሳያውቀው ግፊት ተሸክሞ እንደሚዞር ማወቅ ይፈልጋል። እሷ ደግሞ መሳሳት ትፈራለች። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከመውጣቷ በፊት መለኪያውን በባሏ ክንድ ትፈትሸዋለች። ሥልጠና ላይ ሳለች ስትለካው ደህና ነበር፤ ራስ ምታት እንኳ አያውቀውም። «የሚዛን ድንጋዬ» ትለዋለች። እሱም በአንድ እጁ ቁርሱን እየበላ ሌላውን ይሰጣታል።

ሰሞኑን ግን መለኪያው አበደባት፤ ቁጥሩን ሰቅሎ ያሳያታል። ባትሪ ቀየረች፣ ያው። መለኪያውን አስቀየረች፣ ያው። ዛሬ ሁለተኛውን ልትመልስ ነው የመጣችው።

«ደግሞ መጣሽ?» አሉ የዕቃ ክፍሉ ኃላፊ በሩን እየከፈቱ። «ዕቃው አንቺ እጅ ሲገባ ነው እንዴ የሚታመመው?»

«ምን ላድርግ ጋሼ፣ ይዋሻል።»

«በይ እኔ ላይ ይዋሽ።» እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ለካቻቸው፤ ደህና ናቸው። ራሷን ለካች፤ ደህና ናት።

«ታዲያ ማን ላይ ነው የዋሸው?»

«ባለቤቴ ላይ።»

«እንግዲያው የሚቀየረው እሱ ነዋ። እኔ ጋ ግን ትርፍ ባል የለም።»

ሳቁ። እሷም ልትስቅ ከንፈሯን ከፈት አድርጋ ሳትስቅ ቀረች። መለኪያውን አቅፋ ወጣች።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ማቆሚያው ላይ ስትደርስ ሞተሩን አስነስቶ ሰው እየጫነ ነበር። በፊተኛው በር ገባች።

«ውረድ፣ ሐኪም ጋ እንሂድ። ግፊትህ ከፍ ብሏል።»

«መሣሪያው ነው ስትዪ አልነበር?»

«ተሳስቼ ነው። አንተን አምኜ እሱን ጠረጠርኩት።»

«አሁን ደግሞ እሱን አምነሽ እኔን ጠረጠርሽ።» ከኋላ አንዱ ሳቀ። ባሏ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሐኪም ጻፈብኝ ማለት ከመሪው አወረዱኝ ማለት ነው። ይሄ አይገባሽም?»

ገብቷታል። እየተጋፋ የሚገባውን ሰው አየችና ልቧ ይብስ ተጣደፈ።

«እስቲ እኔን ለኪኝ፣ እትዬ» አለች ትኬት ቆራጯ፣ ጭቅጭቁን ልታበርድ። ለካቻት፤ ደህና ናት። ቦርጫም ተሳፋሪ እጁን ዘረጋ፤ «እኔ ላይማ ይፈነዳል» አለ። እሱም ደህና ነው። አንዲት እናት የግፊት መድኃኒት ላይ መሆናቸውን ነግረው ተለኩ፤ ቁጥሩ ከልክ ትንሽ አለፈ። «ትናንት ክሊኒክም ይሄንኑ ነው ያሉኝ» አሉ።

ከዚያ ወዲህ የሳቀ የለም። ሁሉም ሹፌሩን አዩት።

ማንም ሳይጠይቀው ክንዱን ሰጣት። ጨርቁ ተነፍቶ እስኪተነፍስ ባሏ የፊት ለፊቱን መስታወት ሲያይ ቆየ። እሷ ቁጥሩን አልተናገረችም፤ መለኪያውን አዞረችለት። አነበበና ሞተሩን አጠፋ።

«ሌላ ሹፌር ጥሪላቸው» አላት ትኬት ቆራጯን፣ ቁልፉን እየሰጣት።

ወደ ክሊኒኩ ሲሄዱ እሷ ትቀድማለች፣ መለስ ትላለች፣ ደግሞ ትቀድማለች።

«እስካሁን ግፊቱን ሳያውቅ የሚዞር ብዙ ሰው አገኛችሁ?» አላት።

«ብዙ።»

«አሁን እኔም ተጨመርኩ ማለት ነው?»

«የሠራተኛ ቤተሰብ ጥናቱ ውስጥ አይገባም» አለችውና እጁን ያዘች፤ መኪና እስኪያልፍ መጠበቅ ግን አልቻለችም፤ እየጎተተች መንገዱን አሻገረችው።